ሐኪሞች የላኳቸው በሽተኞች፦ የዉስተር ክሊኒክ ጉዳይ በአንድ የዮጋ አስተማሪ ዓይን

ጥያቄው ቀላል ነበር። ከምታክሟቸው ሰዎች ውስጥ ስንቱን በእርግጥ ትረዳላችሁ?

ጠያቂው ጆን ካባት-ዚን ይባላል። ጊዜው 1979 ነው። እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቦታው ደግሞ ከቦስተን በስተምዕራብ በምትገኘው የዉስተር ከተማ፣ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል። ሰውየው የሕመም ክሊኒኩን፣ የአጥንት ክፍሉንና የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናውን ኃላፊዎች እየዞረ ያነጋግራቸው ጀመር። ከ10 እስከ 20 በመቶ ይሆናሉ አሉት። ቀሪዎቹስ? ወይ በራሳቸው ጊዜ ይሻላቸዋል፣ ወይ አይሻላቸውም።

ከሐኪም አፍ እንዲህ ያለ መልስ መስማት ያስደነግጣል። እኔን ግን የሚገርመኝ ሐቀኝነታቸው ነው። ካባት-ዚንም አልተከራከራቸውም። እነዚያን ወደ እኔ ላኩልኝ አለ። ከክፍል ክፍል የተንከራተቱትን፣ ፋይላቸው የወፈረውን፣ ምርመራ ሁሉ ተደርጎላቸው መፍትሔ ያጡትን። ሐኪሞቹ ላኩለት። ምን ይከስራሉ?

የዮጋ አስተማሪ ነኝ። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው አብዛኛው መተጣጠፍ አምሮት አይደለም። «ነርቬ ተነክቷል» ብሎ ነው የሚመጣው። እንቅልፍ የለውም። ልቡ ያለምክንያት ድው ድው ይላል። ጨጓራው ይነድደዋል፣ ትከሻው ድንጋይ ሆኗል። የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነስቷል፣ ደም ተመርምሯል፣ «ምንም የለብህም» ተብሏል። ምንም የለብህም መባል የሚያስደስት ይመስላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያልበው ሰው ግን አያስደስትም። የዉስተርን ጉዳይ ደጋግሜ የምመለስበት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ተቀብሎ ምን እንደሚደረግለት ሆስፒታል ውስጥ፣ በሐኪም ዓይን ሥር የሞከረ ቦታ ስለሆነ።

ካባት-ዚን ሐኪም አይደለም። በሞለኪዩላር ባዮሎጂ ከኤምአይቲ በ1971 ዶክትሬቱን የያዘ ሳይንቲስት ነው። አማካሪው የኖቤል ተሸላሚው ሳልቫዶር ሉሪያ ነበር። አባቱም የታወቁ የኢሚዩኖሎጂ ሊቅ ነበሩ። ግን ገና ተማሪ ሳለ ሜዲቴሽን ውስጥ ገብቷል። ከኮሪያዊው የዜን መምህር ከሱንግ ሳን ተምሯል፣ ሃታ ዮጋም ያስተምር ነበር። በ1979 ጸደይ ባሬ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሁለት ሳምንት የጽሞና ቆይታ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ በኋላ እንደጻፈው፣ ለ10 ሴኮንድ ያህል ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየው። ይህን ነገር ሕመምተኛው ወዳለበት ሆስፒታል መውሰድ።

እንደዚህ ዓይነት «ታየኝ» የሚሉ ታሪኮችን በጥርጣሬ ነው የማነበው። በሙያችን ብዙ ይታያል። እዚህ ላይ ግን የታየው ነገር ራሱ ተራ ነው። ቦታ ብቻ ነው። ገዳም ውስጥ የነበረውን ነገር ሰው በሕመም ወደሚሰበሰብበት ማምጣት።

ስሙንም በጥንቃቄ ነው የመረጠው። ቡድሃ የሚል የለም፣ መንፈሳዊ የሚል የለም፣ ፈውስ የሚልም የለም። ውጥረትን የመቀነስና ዘና የማለት ፕሮግራም ነው የተባለው። ውጥረት የሌለበት ሰው የለም፤ በዚያ በር ማንም ሳያፍር ይገባል። እኛ ጋ ቢሆን አንድ ሰው «የአእምሮ ሕክምና ክፍል» የሚል በር ፊት ቆሞ ማን እንዳየው ዞር ዞር ይላል። ያ በር ላይ ግን አይልም።

ውስጥ ምን ይደረግ ነበር? መጀመሪያ 10 ሳምንት ነበር፤ በኋላ 8 ሳምንት ሆኖ ጸና። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቡድኑ ድብልቅ ነው። ወገቡን የታመመው፣ ካንሰር ያለባት፣ የልብ ሕመምተኛው፣ ድንጋጤ እየያዘው ከቤት መውጣት ያቃተው፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። በበሽታ አይለያዩም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጭንቀት ያለበትን ሰው ከጭንቀታሞች ጋር ብቻ ስታስቀምጠው ወሬው ሁሉ ጭንቀት ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ለእያንዳንዱ ዘቢብ ይሰጠዋል። ወዲያው አይበላም። መዳፍ ላይ አድርጎ ማየት፣ መጨማደዱን ማየት፣ በጣት መዳሰስ፣ ማሽተት። ከዚያ ምላስ ላይ ማስቀመጥና ሳያኝኩ መቆየት። ምራቅ ይሞላል። ከዚያ አንድ ጊዜ መንከስ። ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንዱም ይናደዳል። «ወገቤን አሞኝ መጥቼ ዘቢብ?» ነገሩ ግን ገብቶታል። ዕድሜውን ሙሉ ዘቢብ ሲበላ ቀልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ካባት-ዚን ማይንድፉልነስ የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። አሁን የሚሆነውን፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ሳይሉ፣ ቀልብን ሰብስቦ ማየት።

ዋናው ሥራ ግን ሰውነትን በሐሳብ መዳሰሱ ነው። ጀርባ ላይ ተኝተህ ከግራ እግር ጣቶች ትጀምራለህ። ጣቶቹን አታንቀሳቅስም፤ ሐሳብህን ብቻ ነው የምትወስደው። ይሞቃል? ይቀዘቅዛል? ካልሲው ይነካል? ምንም አይሰማም? ምንም አለመሰማቱም መልስ ነው። ከዚያ ውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ጉልበት እያለ ይወጣል። ወደ ቀኝ እግር ይሻገራል፤ ዳሌ፣ ወገብ፣ ሆድ፣ ደረት፣ እጆች፣ ትከሻ፣ አንገት፣ ፊት፣ አናት። 45 ደቂቃ ይፈጃል። የሚያመውን ቦታ ስትደርስ አትዘለውም፤ እዚያ ላይም አትቆምም። አይተኸው ታልፋለህ።

ይህን ያስተማረ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሰው ይተኛል። ገና ጉልበት ሳይደረስ ክፍሉ በማንኮራፋት ድምፅ ይሞላል። እንቅልፍ አጥቶ የመጣ ሰው ነውና አልፈርድበትም። ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዝም ሲባል ልቡ ይብስበታል። ደረት ላይ ሲደርስ የልቡን ምት ይሰማና «ይኸው፣ መጣብኝ» ይላል። ድንጋጤ ለለመደበት ሰው ትንፋሹን አዳምጥ ማለት አንዳንዴ ክብሪት መስጠት ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ደረትና ትንፋሽን ትቼ እግሩ መሬት መንካቱን እንዲያይ፣ ዓይኑንም እንዲገልጥ ነው የማደርገው። ሜዲቴሽን ለሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ ያረጋጋል የሚል አስተማሪ ካጋጠማችሁ ብዙ ሰው አላስተማረም ማለት ነው።

ዮጋውም ነበረበት። መሬት ላይ የሚሠራ፣ ቆሞ የሚሠራ፣ ቀስ ያለ። አናት ላይ መቆም የለም። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ሙሉ ቀን በጽሞና ያሳልፋሉ፤ ሳይነጋገሩ ተቀምጠው፣ ሄደው፣ ምሳቸውንም ዝም ብለው በልተው።

ከዚያ የቤት ሥራው አለ። በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ፣ በካሴት እየተመሩ። ይህን ቁጥር ሰው ሲሰማ ሳቅ ይለዋል። እኔ ግን የክሊኒኩ መድኃኒት ይህ ነው ባይ ነኝ። ዘቢቡ አይደለም፣ ክፍሉም አይደለም፣ ካባት-ዚንም ራሱ አይደለም። የሳምንቱ ሁለት ሰዓት ተኩል የቤት ሥራውን የሚያስጀምርና የሚያስቀጥል እንጂ ሌላ አይደለም። ወደ ክሊኒኩ የሚገባ ሰውም ይህ አስቀድሞ ይነገረው ነበር። መውደድ የለብህም፣ መሥራት ብቻ ነው ያለብህ፤ ስምንት ሳምንት ሲያልቅ ልትሰድበን ትችላለህ ይባላል። በጣም የምወደው አነጋገር ነው።

ለምን እንደሚሠራ ጥቂት ልበል። ሰውነታችን ሳናዘው የሚሠራ የነርቭ ሥርዓት አለው። አንደኛው ክንፍ፣ ሲምፓተቲክ የሚባለው፣ ለሩጫና ለጠብ ያዘጋጃል። ልብን ያፈጥናል፣ ጡንቻን ይወጥራል፣ የምግብ መፈጨትን ያዘገያል። ሌላኛው ክንፍ ያረጋጋል፤ ዋናው መስመሩ ከአንጎል ግርጌ ወጥቶ ልብ፣ ሳንባና አንጀት የሚደርሰው ቬገስ ነርቭ ነው። ነርቭ «ተነካ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ነርቩ ተጎድቶ አይደለም። የመጀመሪያው ክንፍ ጅብ ሳይኖር ጅብ መጣ እያለ ስለሚጮህ ነው።

እነዚህን ክንፎች በቀጥታ ማዘዝ አይቻልም። ልቤ ሆይ ቀስ በል ብትለው አይሰማህም። ትንፋሽ ግን ሁለቱም ነው፤ በራሱ ይሄዳል፣ ሲፈለግም ይታዘዛል። ስንስብ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናወጣ ይዘገያል። ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ አድርጋችሁ ብትሞክሩ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ማውጣቱን ማስረዘም ልብን የማዘግየት አንዱ መንገድ ነው። እኔ አራት ቆጥሮ መሳብ፣ ስድስት ቆጥሮ ማውጣት ነው የማስተምረው፣ በአፍንጫ። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ይመጣል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጤናማ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ሳላነሳ አላልፍም። በ2001 ሉቺያኖ በርናርዲ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር 23 ጤነኛ ሰዎችን መረመረ። ሰዎቹ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ደገሙ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ዮጋ ውስጥ የሚደገም ማንትራ ደገሙ። ሁለቱም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት አወረዱት። የልብ ምትና የደም ግፊት አብረው የሚወዛወዙበት ሥርዓትም በሁለቱም ተሻሻለ። ይህን ሳነብ የመጡልኝ ሌሊት መቁጠሪያ ይዘው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን አርባ አንድ ጊዜ የሚሉ እናቶች ናቸው። እነሱ ላይ ማንም ሽቦ አላሰረም፤ ስለዚህ በርናርዲ ያገኘውን ለእነሱ አልሰጥም። ጸሎትም የመተንፈሻ ልምምድ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚጸልይ ሰው ለሌላ ነገር ነው የሚጸልየው። ግን ቀስ ብሎ ዜማ ይዞ መድገም ሰውነት ላይ የሚሠራው ነገር እንዳለ መካድ አይቻልም።

ወደ ዉስተር ልመለስ። ውጤቱስ?

በ1982 የወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ በ51 ሰዎች ላይ ነው። ሁሉም ስር የሰደደ ሕመም ያለባቸው፣ በተለመደው ሕክምና ያልተሻላቸው። ብዙዎቹ ወገብ፣ አንገትና ትከሻ፣ ራስ ምታት ነው። ከ10 ሳምንት በኋላ 65 በመቶዎቹ የሕመም መለኪያቸው ቢያንስ በሲሶ ቀነሰ። ግማሾቹ ደግሞ በግማሽና ከዚያ በላይ። ጥሩ ቁጥር ነው። ግን ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም። ሕመም ደግሞ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰው ወደ ክሊኒክ የሚሄደው በባሰበት ሰሞን ነው፤ ምንም ባይደረግለትም ቀለል የሚለው አይጠፋም። ሐኪሞቹስ «በራሳቸው ጊዜ ይሻላቸዋል» ብለው የለ? ስለዚህ የ1982ቱን ቁጥር ይዞ «ተረጋገጠ» የሚል የዮጋ ማስታወቂያ ስታዩ እለፉት።

እኔን በይበልጥ የሚመለከተኝ የ1992ቱ ነው፤ የጭንቀት ነገር ስለሆነ። 22 ሰዎች በቃለ መጠይቅ ተለይተው፣ የጭንቀት ወይም የድንገተኛ ድንጋጤ ሕመም እንዳለባቸው ተረጋግጦ ፕሮግራሙ ውስጥ ገቡ። 20ዎቹ ላይ ጭንቀቱና ድብርቱ በግልጽ ቀነሰ። ከሦስት ወር በኋላም እንደቀነሰ ነበር። በ1995 የወጣ ተከታይ ጽሑፍ ከሦስት ዓመት በኋላ 18ቱን አግኝቶ መሻሻሉ እንደቆየ ጽፏል። ይሄም ቢሆን ትንሽ ነው፣ ማነጻጸሪያም የለውም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ዘግይቶ በ2022 ነው። በቦስተን፣ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ጭንቀት ያለባቸው 276 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ የዉስተርን የ8 ሳምንት ፕሮግራም እንዳለ ወሰደ፤ በቀን 45 ደቂቃ የቤት ሥራው ሳይቀር። ግማሹ ኤሲታሎፕራም ወሰደ፤ ሐኪሞች ለጭንቀት አዘውትረው የሚያዙት መድኃኒት ነው። የበሽታው ክብደት ከ1 እስከ 7 በሚሄድ መለኪያ ይለካል፤ ለኪዎቹ ማን ምን እንደወሰደ አያውቁም። የሜዲቴሽኑ ቡድን በ1.35 ወረደ፣ የመድኃኒቱ በ1.43። እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ይህን ዜና ሲሰሙ ጨፈሩ። እኔ ሌላ ሁለት ነገር አየሁበት። አንደኛ፣ እኩል ማለት መብለጥ አይደለም። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ልክ እንደ እኛው። «ኬሚካል ነው፣ ተወው» የሚል የዮጋ አስተማሪ ከዚህ ጥናት ድጋፍ አያገኝም። እርግጥ መድኃኒት ከወሰዱት ውስጥ ከአስሩ ስምንት ያህሉ ቢያንስ አንድ ዓይነት የጎንዮሽ ችግር ገጥሟቸዋል፤ በሜዲቴሽኑ ወገን ከአስር ሁለት አይሞሉም። ያ ለብዙ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል። በ24ኛው ሳምንት ሲጠየቁ፣ ከመድኃኒቱ ቡድን 52 በመቶው አሁንም ይወስዳል። ከሜዲቴሽኑ ቡድን በቋሚነት የቀጠለው 28 በመቶ ብቻ ነው። ክኒን መዋጥ ሴኮንድ ነው። 45 ደቂቃ ግን 45 ደቂቃ ነው።

ለዮጋው ብቻ የተደረገም አለ። በ2020 በወጣ ጥናት 226 ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ኩንዳሊኒ የሚባለውን የዮጋ ዓይነት፣ አንዱ ሐሳብንና ልማድን የሚያርም የንግግር ሕክምና፣ አንዱ ስለ ውጥረት ትምህርት ብቻ። ከ12 ሳምንት በኋላ የተሻላቸው ከዮጋው 54 በመቶ፣ ከንግግር ሕክምናው 71 በመቶ፣ ከትምህርቱ 33 በመቶ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ የንግግር ሕክምናው ከትምህርቱ መብለጡን ቀጠለ፤ ዮጋው ግን ልዩነቱ ጠፋ። የሙያዬን ጉዳይ ስለሆነ ደስ አላለኝም። ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ጭንቀት ይዞት ለየትኛው ልክፈል ብሎ ቢጠይቀኝና በንግግር የሚያክም የሠለጠነ ባለሙያ በአቅሙ ካገኘ፣ መጀመሪያ ወደዚያ ሂድ ነው የምለው። እኔ ጋ በተጨማሪ ይመጣል።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩን ትምህርት ቤት አስገቡት። ከ8,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት በ2022 ወጣ፤ ከተለመደው ትምህርት የተለየ ጥቅም አልተገኘበትም። ልጆቹ አብዛኛዎቹ ቤት ውስጥ አልተለማመዱም ነበር። ለእኔ ይህ ከዉስተር ጋር አብሮ የሚነበብ ነው። እዚያ የመጣው ሰው ሕመም አሰቃይቶት፣ ራሱ ፈልጎ፣ ሥራውን አውቆት ነው። እዚህ ግን ደወል ተደውሎ ነው።

አሁን ወደ ተፈጥሮ ሕክምና የሚባለው። ዉስተር ላይ ማንም ሰው መድኃኒቱን እንዲተው አልተነገረውም። ፕሮግራሙ ሕክምናውን አጅቦ የሚሄድ እንጂ የሚተካው አልነበረም። ይህ ነገር በተስፋፋ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የጠፋው እሱ ነው። አሁን ዮጋ ባለበት ቦታ ሁሉ ጎኑ ላይ ማሰሮ፣ ዱቄት፣ ጠብታ ይሸጣል። «ከተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ይባላል። ኮሶም ከተፈጥሮ ነው፣ ሲበዛ ግን ምን እንደሚያደርግ አያቶቻችን ያውቁታል።

አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል ቢጫ አበባ ያለው ተክል አለ፤ አውሮፓና አሜሪካ ለድብርት በሰፊው ይወሰዳል፣ ከዲያስፖራ ሻንጣ ውስጥም አይጠፋም። ለቀላል ድብርት የሚረዳ መሆኑን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋል። የወሊድ መከላከያ ክኒን ያዳክማል፤ ደም ማቅጠኛ ያዳክማል፤ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችንም ያዳክማል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2000 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ከጭንቀት መድኃኒት ጋር ከተደራረበም ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከመጠን በላይ ወጥቶ ሊያቅበጠብጥ፣ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ሻንጣውን የላከው ዘመድ ይህን አያውቅም። በደግነት ነው የላከው።

የእኛዎቹም አሉ። ዳማከሴ ለምች፣ ጤና አዳም ለሆድ። ቡና ውስጥ ጠብ ያለ የጤና አዳም ቅጠል ብዙውን ሰው አይጎዳም፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም፣ ይህን ደህና አድርገው የሚያውቁ እናቶች አሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን ነርቭ ተነካብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቅጠል አይደለም። ስለ ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከዚያ ቢሮ ውስጥ ማኪያቶ፣ አመሻሽ ላይ አንድ ሌላ። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ የጠጡት ሌሊት ላይ ገና አለ። ድንገተኛ ድንጋጤ ያለባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን ሲሰጣቸው ግማሽ ያህሉ ድንጋጤው ተነስቶባቸዋል። ጤነኞቹ ላይ እምብዛም አልሆነም። ቡና ክልክል ነው አልልም፤ ይህን ብል አገር ያባርረኛል። ከጠዋት ውጭ ለሁለት ሳምንት ተውና ልብህን እየው ነው የምለው። «አንቺ ልጅ፣ ቡናዬንማ አትንኪብኝ!» ያሉኝ እናት አሉ። «አልነካብዎትም እማማ፣ ከበረካው በፊት ብቻ ያቁሙልኝ» አልኳቸው። በዚህ ተስማማን። ቡናውን ቀነሱ፤ ዮጋውን ግን አልወደዱትም። እሺ፣ ምን አለበት?

ጫት ለሚቅሙ ደግሞ ነገሩ ከቡና ይከብዳል። የሚያነቃቃው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ሲቅሙ ውለው ማታ ማረጋጊያ ትንፋሽ የሚፈልጉ ሰዎች ገጥመውኛል። ትንፋሹ ብዙ አልረዳቸውም።

ሳይነሳ የማይቀረው ሌላው ጥያቄ የሃይማኖት ነው። ዮጋ የሂንዱ አይደለም ወይ? ሥሩ ከዚያ ነው፤ ይህን የሚክድ አስተማሪ እየዋሸ ነው። ካባት-ዚንም ያመጣው ከቡድሃ ገዳም ነው፤ ሆስፒታል ሲያስገባው ግን ስግደቱን፣ ዝማሬውንና ቃላቱን ውጭ ትቶ ነው። ዘቢብ ማየትና እግር መዳሰስ የየትኛውም እምነት ሥርዓት አይደለም። ሳንስክሪት ሳልጠቀም፣ ማንትራ ሳላስደግም አስተምራለሁ። ይህም ሆኖ ኅሊናው የሚከለክለው ሰው አለ። የንስሐ አባቱን ይጠይቅና ይወስን፤ ተከራክሬ አላሳምንም። ዝግ ብሎ መራመድም፣ መተኛትም፣ ቡና መቀነስም ነርቭን ያረጋጋሉ፤ ለእነሱ አስተማሪ አያስፈልግም።

ካባት-ዚን ክሊኒኩን እስከ 2000 ድረስ መርቶ ለባልደረባው ለሳኪ ሳንቶሬሊ አስረከበ። ፕሮግራሙ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ገባ። ከዚያ ስልክ ውስጥ ገባ፤ አሥር ደቂቃ ሆነ፣ ሦስት ደቂቃ ሆነ። የኩባንያ ሥልጠናም ሆነ፤ አለቃው ሥራ እየጨመረ ሠራተኛው ትንፋሹን እንዲቆጥር። ይሄኛውን አልወደውም። ሰው የሚጨነቀው ኪራይ ስላልተከፈለ፣ ዘመድ ስለጠፋ፣ ደመወዝ ወር ስለማያደርስ ከሆነ ችግሩ ነርቩ ላይ አይደለም። ትንፋሽ ሌሊቱን እንዲተኛ ይረዳው ይሆናል። ኪራዩን አይከፍልለትም።

እኔ ጋ አዲስ ሰው ሲመጣ ከዉስተር የተማርኩትን ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ሐኪም አይቶሃል? ካላየህ መጀመሪያ ታይ። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ማነስም ያደክማል፣ ያ በዮጋ አይገኝም። መድኃኒት ትወስዳለህ? ከወሰድክ ካዘዘልህ ሐኪም ጋር ሳትነጋገር አታቋርጥ፤ በድንገት ማቋረጥ ራሱ ጭንቀት ያመጣል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ እኔን ሳይሆን ሐኪምህን፣ ዛሬውኑ።

ሦስተኛው በቀን ስንት ደቂቃ ትሰጠዋለህ የሚለው ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ይስቃል፤ «እንግዲህ ጊዜ ሳገኝ» ይላል። 45 አልጠይቀውም፤ አላገኘውም። ከአልጋ ከመነሳቱ በፊት አሥር ደቂቃ፣ ከግራ እግር ጣት ጀምሮ፣ ስልኩን ሳይነካ። ሁለት ሳምንት ሞክሮት ካልሆነ፣ የክፍያውን ቀሪ መልሼ ደህና ሐኪም የሚያገኝበትን አድራሻ እሰጠዋለሁ።